ከጉሙ ሥር ያለው ካባ

መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ለአገሩ ሰው ሁሉ ቀን ሲቆርጡ ኖረው የገዛ ልጃቸውን የሠርግ ቀን ለመቁረጥ ሲደርሱ ምላሳቸው እንደሚተሳሰር ማንም አልጠረጠረም፤ ከሁሉም በላይ እሳቸው አልጠረጠሩም።

በደባርቅና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ልጁን የሚድር ሰው ጌሾ ሳይገዛና በሬ ሳያስማማ አስቀድሞ የእሳቸውን ደጅ ይጠና ነበር። እሳቸውም በመደቡ ላይ ተደላድለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በጣቶቻቸው አንጓ ላይ አበቅቴና መጥቅዕ ይቆጥራሉ፤ ጾመ ነነዌ የት እንደሚውል፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ለተክሊል የምትመቸው እሑድ የትኛዋ እንደሆነች በባሕረ ሐሳብ አስልተው፣ ረጅም ትንፋሽ ከተነፈሱ በኋላ ቀኑን ይናገራሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ በየሻይ ቤቱ ግድግዳ በተሰቀለ ካሌንደር ላይ በቀይ ቀለም ታትሞ ይገኛል። ሆኖም ካሌንደር ዓይኑን አይጨፍንም። ሰው ደግሞ ዓይን ተጨፍኖ የተነገረውን ቀን ከግድግዳ ካነበበው ቀን አብልጦ ያምናል።

እኒህ ሊቅ አንዲት የተሰወረች ቁስል ነበረቻቸው። ቀን በቆረጡለት ሠርግ ሁሉ ማኅሌት ይመራሉ፤ ይመርቃሉ፤ በክብር ይቀመጣሉ። ዓመት ቆይተው ወደዚያ ቤት በእንግድነት ሲሄዱ ግን አልበም ይዘረጋላቸዋል፤ በአንዱ ቤት አልበም ክርናቸው፣ በሌላው የመቋሚያቸው ጫፍ፣ በሦስተኛው የጥምጥማቸው ግማሽ ከኬኩ ጀርባ ብቅ ብሎ ይታያል። የሠላሳ ዓመቱ ቁርጥራጭ ተሰብስቦ ቢሰፋ አንድ ሙሉ መሪጌታ አይወጣውም ነበር።

ይህን ቁስል ለሰው አይናገሩትም። እንዲያውም በአደባባይ የካሜራ ጠላት እሳቸው ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የቪዲዮ ባለሙያ በማኅሌት መካከል መብራቱን ዓይናቸው ላይ ቢያበራባቸው፣ ካሜራ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወደ ውስጥ እንዳያልፍ የሚከለክል ውሳኔ በሰበካ ጉባኤው አስጽፈው ነበር። የደብሩ አለቃ አባ ገብረ ክርስቶስ በውሳኔው ሥር ሲፈርሙ «መሪጌታ፣ ነገ የራስዎ ድግስ ሲመጣ እንዳይቆጭዎ» ቢሏቸው፣ «ሥርዓት ለድግስ አይታጠፍም» ብለው መልሰው በትልቁ ፈርመዋል።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት አንዲት ሴት ልጃቸው ምሥራቅ ታጨች። ምሥራቅ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ እጮኛዋ ዘመነ ደግሞ ዳባት በግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው። ሽማግሌ ተልኮ እሺታ ተገኝቶ፣ የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ሆነ። መሪጌታ በልባቸው የወሰኑት ነገር ነበር። ቀኑን በገዛ አፋቸው ይቆርጣሉ፤ ልጃቸው በተክሊል ትዳራለች፤ እሳቸውም ለዚሁ ብለው ጎንደር ያሰፉትን የወርቅ ጥልፍ ያለበት ጥቁር ከፋይ ካባ ለብሰው፣ ከጥምጥማቸው እስከ ጫማቸው፣ ምንም ሳይቆረጥባቸው ከልጃቸው ጎን ፎቶ ይነሣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሙሉ ሆነው።

ነሐሴ ላይ የሙሽራው አባት አቶ ገሠሠ፣ ከዳባት ማዶ የሚያርሱ ረጋ ያሉ ገበሬ፣ ከልጃቸው ጋር መጡ። ሦስተኛ ሰው ደግሞ ተከትሏቸው ገባ፤ በአንገቱ ካሜራ አንጠልጥሏል።

«መሪጌታ፣ እንግዲህ ቀኑን ይቁረጡልን» አሉ አቶ ገሠሠ ከተቀመጡ በኋላ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያው አንጓ ላይ እንደ ደረሱ ዘመነ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባታችን፣ ከመቁረጥዎ በፊት ገዱ የሚለውን ብንሰማው ምን ይመስልዎታል?»

«ገዱ?» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ከድጓ ወደ ድግስ የኮበለለው ገዱ ነው?»

«እኔው ነኝ የኔታ» አለ ባለካሜራው ጎንበስ ብሎ። በልጅነቱ ዓመት ከመንፈቅ በእሳቸው ጉባኤ ተምሮ ነበር። ባሕረ ሐሳቡን ጨርሶ ዜማው ላይ ድምፁ እምቢ ቢለው ጥሎ ወጣ፤ አሁን በደባርቅ አውራ መንገድ ላይ ፎቶ ቤት አለው።

«እሺ፣ ባለካሜራ ደግሞ ስለ ቀን ምን ይላል?»

«ሙሽሮቹ የሚፈልጉት ላይ ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ገደሉ አፋፍ ላይ መነሣት ነው። ከጎን የጅብራ ዛፍ፣ ከኋላ የተራራው ሰንሰለት፣ ከታች ቆላው። ለዚያ የሚሆን ላይት ደግሞ በዓመት ውስጥ ቁጥር አለው የኔታ። እንደ በዓላት ነው።» ከኮቱ ውስጥ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ደብተር አወጣ። «ስምንት ዓመት መዝግቤዋለሁ። ጉሙ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገለጥ። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት የሚያህል የለም። ሣሩ ለምለም፣ አበባው በየሜዳው፣ አየሩ የታጠበ።»

«ጾመ ጽጌ መስከረም ሃያ ስድስት ይገባል» አሉ መሪጌታ።

«የፈቃድ ጾም አይደለም እንዴ አባታችን?» አለ ዘመነ።

«የፈቃድ ነው። እኔም ፈቅጃለሁ።»

ገዱ ደብተሩን ገለጠ። «እንግዲያው ከሃያ አንድ እስከ ሃያ አምስት ባለው እናድርገው። ከሃያ በፊት ገደሉ አይታይም።»

«ሃያ ሁለት ረቡዕ ነው፤ ሃያ አራት ዓርብ።»

«ሃያ አምስትስ? ቅዳሜ ነው።»

«ቅዳሜ ሠርግ፤ መልሱስ? መልሱን የምደግሰው እኔ ነኝ፤ ጾም ውስጥ ወደቀ። ሙሽራውን ጠርቼ ሽሮ ላብላው?»

ዘመነ ሽሮም አይጠላም ነበር። ይህን ጊዜ አቶ ገሠሠ ዱላቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጆቼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እናንተ ስለ ጉም ትላላችሁ፤ መሪጌታ ስለ ጾም ይላሉ። ሁሉም መልካም ነው። ገብሴ ግን መስከረም ላይ ገና እርሻ ውስጥ ቆሞ ነው የሚገኘው። ጠላውን ከምን ላስጠምቅ? ከአበባው?»

መስከረም በዚህ ሞተ። መሪጌታ ድል እንዳደረገ ሰው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ጥር አሥራ ስምንት፣ እሑድ» አሉ።

ገዱ አንገቱን ነቀነቀ። «ጥር ላይ ሣሩ የአህያ ጀርባ ነው የሚመስል የኔታ። ከዛሪማ ቆላ የሚነሣው ጭስና አቧራ ሰንሰለቱን ይውጠዋል። ደግሞም አሥራ ስምንት አዲ አርቃይ ሠርግ ይዣለሁ። ሃያ አምስት ዳባት፣ ሁለት።»

«በዚህ አገር ሌላ ፎቶ አንሺ የለም?»

ከጓዳ የጠላ ማሰሮ ይዛ የወጣችው ምሥራቅ ነበረች የመለሰችላቸው። «አለ አባየ። የሃናን ሠርግ ያነሣው። ሃና በአልበሟ ሁሉ ዓይኗን ጨፍናለች።»

«ስትጸልይ ይሆናል።»

«ኬክ ስትቆርስም?»

አቶ ገሠሠ ሳቃቸውን በጠላው ውስጥ አሰጠሙት። ቀን ሳይቆረጥ ጉባኤው ተፈታ፤ በመሪጌታ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። እንግዶቹ ሲነሡ መሪጌታ ወደ ገዱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ያን ደብተር ተወው። ሐሳቡን እንደ ድሮው አርሜ እመልስልሃለሁ።»

ገዱ ደብተሩን ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ሰጣቸው።

መሪጌታ ደብተሩን የተቀበሉት ሊሥቁበት ነበር። በማግስቱ ጥዋት መነጽራቸውን ሰክተው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀመጡና ገለጡት። በየዓመቱ ራስጌ ላይ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ እየተባለ እሳቸው እንዳስተማሩት ተጽፏል። በየወሩ ሥር ሠላሳ መስመር፤ በየመስመሩ ሦስት ዓምድ፦ ጉም የወጣበት ሰዓት፣ የተገለጠበት ሰዓት፣ የብርሃኑ ጠባይ። አንድ ቀን አልተዘለለም። ገዱ ታምሞ የተኛበት ሳምንት እንኳ በሳንቃ በር የፓርክ ጥበቃ ሆኖ የሚሠራ ወልደ ሩፋኤል የተባለ ሰው ምስክርነት ገብቶበታል። መሪጌታ ስሕተት ፍለጋ አራት ቀን ደከሙ። በአምስተኛው ቀን አንዲት የፊደል ግድፈት አገኙ፤ በቀይ ቀለም አረሟትና በኅዳጉ ላይ «ተመልከት» ብለው ጻፉበት። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም።

ያቺ ግድፈት የነበረችው በየካቲት ገጽ ላይ ነው። እሷን ሲያርሙ ዓይናቸው ከጎኗ ባለው መስመር ላይ ዐረፈ። የካቲት ዘጠኝ፦ ጥርት ያለ። የቀደመውን ዓመት ገለጡ፤ ጥርት ያለ። ስምንቱንም ዓመት ፈተሹ። በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ጥቂት ካፊያ ጥሎ አቧራውን ያጥባል፤ በዘጠኝ ሰማዩ ይጠራል። በመጪው ዓመት የካቲት ዘጠኝ እሑድ ነው። ነነዌ ከሦስት እስከ አምስት ተጹሞ ያልቃል፤ ዐቢይ ጾም የሚገባው በአሥራ ሰባት ነው፤ መልሱም ሳይቸግር ይበላል። ገብሱም ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። የቤተ ክርስቲያኑ፣ የገደሉና የአውድማው አቆጣጠር ባንዲት እሑድ ላይ ተገናኝተው ነበር። መሪጌታ በገጹ መካከል የስንደዶ ስባሪ አኖሩና ደብተሩን ዘጉት። ይህቺን ቀን ያገኟት ራሳቸው እንደሆኑ ለማመን ከአንድ ቀን በላይ አልፈጀባቸውም።

በሳምንቱ ሁሉንም አስጠሩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አንጓቸውን ቆጠሩ፤ ከወትሮው የረዘመ ትንፋሽ ተነፈሱ።

«የካቲት ዘጠኝ፣ እሑድ። ሐሳቡ ሰጥቶኛል።»

አቶ ገሠሠ «ይህ ነው ሊቅ» አሉ። ዘመነ ወደ ገዱ ዞረ፤ ገዱ የተመለሰለትን ደብተር ገለጠ፤ ደብተሩም ስንደዶው ካለበት ላይ በራሱ ተከፈተ። ገዱ ስንደዶውን አየ፤ ቀዩን «ተመልከት» አየ።

«የኔታ ሐሳባቸው አይስትም» አለና ዘጋው። የመሪጌታ ባለቤት እማሆይ ያልሆኑ ግን ከእማሆይ ይልቅ ዝምተኛ የሆኑ እመት በለጠች፣ ከጓዳው በር ላይ ቆመው ስንደዶዋን አዩ።

ገዱ ተንኮለኛ አልነበረም፤ ወይም ተንኮሉ ከትሕትና የማይለይ ነበር። የድሮ መምህሩ ደብተሩን ማረማቸው ክብር ሆኖበት፣ ወደ ፎቶ ቤቱ ለሚገባ ሁሉ ገጹን እየገለጠ «እዩት፤ የኔታ በገዛ እጃቸው ያረሙት ነው» ይል ጀመር። ሰዉም ቀዩን ቀለም ያይና ከጎኑ ያለውን ቀን ያነባል። ከኅዳር ወዲያ የካቲት ዘጠኝ በደባርቅ «የገዱ ቀን» ተባለች። ልጁን የሚድረውም ሁሉ በፎቶ ቤቱ በኩል ያልፍ ጀመር።

በታኅሣሥ አንድ የዛሪማ ሰው መሪጌታን መንገድ ላይ አቁሞ ሰላምታ ሰጣቸው።

«መሪጌታ፣ ልጄን ልድር ነው። ቀን ፈልጌ መጣሁ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ሊጨፍኑ ሲዘጋጁ፣ ሰውየው ቀጠለ።

«እርስዎም ለልጅዎ ያስቆረጡት እሱ ዘንድ ነው ሲሉ ሰማሁ። እስቲ የገዱን ቤት ያሳዩኝ።»

መሪጌታ በመቋሚያቸው አቅጣጫውን አሳዩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ቀን የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠፋ፣ የቀረችላቸው ተስፋ አንዲት ፎቶ ብቻ ሆነች። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ግን ዘመነ በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ወረቀት ይዞላቸው መጣ፤ ራስጌው ላይ «የፎቶና የቪዲዮ ፕሮግራም» ይላል። መሪጌታ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ተክሊልና ቅዳሴ፣ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ወደ ሳንቃ በር ጉዞ፣ ከአንድ ሰዓት ከአርባ ጀምሮ። በሁለቱ መካከል በትንንሽ ፊደል፦ «የካህናትና የወላጆች ፎቶ፣ አሥር ደቂቃ፤ ጊዜ ካለ»።

«ጊዜ ካለ» አሉ መሪጌታ።

«ገዱ ነው አባታችን። ፀሐይዋ ከፍ ካለች ፊት ላይ ጥላ ትጥላለች ይላል። ለሳንቃ በር እንድንደርስ ነው።»

መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በሚቀጥሉት ቀናት አስበው አስበው አንድ ነገር ተገለጠላቸው፦ ገደሉ በጉም ከተሸፈነ ወደ ሳንቃ በር መሄድ አይኖርም። ካልተሄደ ካሜራው ቀኑን ሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ይውላል። እዚያ ከዋለ ካባውን ከማንሣት በቀር ሥራ አይኖረውም።

በሠርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሠርክ ጸሎት ሲያበቃ ወደ ኋላ ቀሩና በግድግዳው በኩል ቆመው ጸለዩ። በሰው ላይ ክፉ አልለመኑም፤ የለመኑት ጉም ብቻ ነው። ሰዓቱንም ነግረዋል፤ ከማለዳው አንድ ሰዓት እስከ አምስት። የቦታውን ስም ለመጥራት ግን አፈሩ። ቱሪስትና በቅሎ ነጂ የሚራኮቱበትን የፓርክ ሰፈር ስም በቤተ መቅደስ እንዴት ያንሡ? «ቦታውን አንተ ታውቀዋለህ» ብለው አለፉት። ዕድሜ ልኩን ማኅሌት የመራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጸለይ አይችልም፤ በሴቶች በኩል ሊሳለሙ ጎንበስ ያሉት እመት በለጠች ቃል በቃል ሰሙት።

እሑድ ገና ሳይነጋ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ ሰማዩ በከዋክብት የተሞላ ነበር። ሥርዓቱ ተጀመረ። አክሊሉ በምሥራቅ ራስ ላይ ሲያርፍ መሪጌታ የሚመሩት ዜማ የት እንደ ደረሰ ጠፋባቸው። በጀርባቸው ታዝላ «አበቅቴ ስንት ነው?» ብላ እየጠየቀች የሳቀችው ሕፃን በፊታቸው ድቅን አለች። ለዚያች ለአንድ ምዕራፍ ያህል ካባቸውን ረሱ፤ ካሜራውንም ረሱ። ምናልባት በዚያ ዓመት ያለ ቁጥር ያሳለፉት ጊዜ ያ ብቻ ይሆናል።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። ውጭ ምንም አልነበረም።

ዛፍ አልነበረም፤ የቅጥሩ ግንብ አልነበረም፤ ከደረጃው ሦስተኛው እርከን በታች ምድርም አልነበረም። ጉም ከቆላው ወጥቶ ደባርቅን እንደ ነጠላ ሸፍኗት ተቀምጧል። ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ወረዱ፤ ዜማቸው ይሰማል፤ እነሱ አይታዩም።

«የኔታ፣ የት ነዎት?» አለ የገዱ ድምፅ።

«እዚህ ነኝ።»

«ትንሽ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ይበሉ።»

«ብርሃኑ የት ነው?»

ብልጭታው በራ። ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ወደ ሌንሱ ተመለሰ። ገዱ በካሜራው ጀርባ ያለውን መስኮት አየና ከንፈሩን መጠጠ፤ ምስሉ የዳቦ ዱቄት የፈሰሰበት ይመስላል። ደግሞ በራ፤ ደግሞ ዱቄት። መሪጌታ በጉሙ ውስጥ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ መቋሚያቸውን ወደ ፊት አድርገው ቆመዋል። እንደዚያ ቀን አምሮባቸው አያውቅም።

«ወደ ውስጥ እንመለስና እዚያ እንነሣ» አለ ዘመነ። «ውስጡ ጥርት ያለ ነው።»

«ካሜራ ከደጃፉ አያልፍም» የሚል ድምፅ ከላይኛው እርከን መጣ፤ አባ ገብረ ክርስቶስ ነበሩ። «የጉባኤው ውሳኔ ነው። ከፊርማዎቹ ሁሉ የሚተልቀው የማን እንደሆነ መሪጌታ ያውቁታል።»

መሪጌታ ያውቁታል። «ሥርዓት ለድግስ አይታጠፍም» ከማለት በቀር ምን ይሉ? ይህንኑም አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው ወደ ላይ አልወጣም።

«አሥር ደቂቃው አልቋል የኔታ» አለ ገዱ። «ይቅርታ።»

«በዚህ ጉም ሳንቃ በር ሄዳችሁ ምን ልታነሡ ነው?»

«ምን ይታወቃል። ቀኑ የተመረጠ ቀን ነው።»

መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው እየዳበሱ ሄዱ። መሪጌታ ወደ ድግሱ ዳስ ሲመለሱ አንድ ነገር አጽናናቸው፤ በከተማው እንዲህ ከሆነ ከገደሉ አፋፍማ ሰው የራሱን እጅ አያይም። ጸሎታቸው ትርፉ ተርፎ እሳቸውም ላይ ፈሰሰ እንጂ ደርሷል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ደረሱ። ምሥራቅ ከመኪናው ስትወርድ ፊቷ ፀሐይ የመታው ሆኖ ቀልቷል።

«አባየ፣ እርስዎ ቢያዩት» አለች አንገታቸውን አቅፋ። «ዳገቱን ስንወጣ ወጥተን ወጥተን ከጉሙ በላይ ብቅ አልን። ላዩ ሰማይ፣ ፀሐይ፤ ታቹ ሁሉ ነጭ።»

«በላይ?»

«ከታች ተነጥፎ የተባዘተ ጥጥ ነው የሚመስል» አለ ገዱ፣ ጠላውን ቆሞ እየጠጣ። «ብርሃኑን ከሥር ወደ ፊታቸው መለሰው። ጥላ የለ፣ ምን የለ። ሪፍሌክተሬን ከመኪናው እንኳ አላወጣሁ። የኔታ፣ በስምንት ዓመት በሦስት ሰዓት ተኩል እንዲህ ያለ ላይት አልመዘገብኩም። ማን እንደጸለየልኝ አላውቅም።»

እመት በለጠች የወጥ ጭልፋቸውን ይዘው ባላቸውን ተመለከቱ። መሪጌታ መሬት አዩ።

አልበሙ ከፋሲካ በኋላ መጣ፤ ላሚኔት ነው፤ ወርዱ ክንድ፣ ክብደቱ የመጽሐፈ ግጻዌ ያህላል። አቶ ገሠሠና ዘመዶቻቸው ሊያዩት ተሰበሰቡ። ከመካከሉ ሁለት ገጽ ሙሉ የያዘ አንድ ሥዕል አለ። ምሥራቅና ዘመነ በገደሉ አፋፍ ቆመዋል፤ በግራቸው ጅብራ፤ በቀኛቸው ራቅ ብሎ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ደረቱን ነፍቶ፣ ጎፈሩን እንደ ካባ ጥሎ፣ ከራሱ እስከ ጭራው አንድም ነገር ሳይቆረጥበት ተቀምጧል። ከእግራቸው ሥር እስከ አድማስ ነጭ ደመና።

የካህናቱና የወላጆች ተብሎ የተለየው ገጽ ላይ የአንድ ቀይ ጃንጥላ ጫፍ ብቻ ይታያል። በሌላ ሰው አልበም ክርን ይወጣላቸው የነበሩት መሪጌታ በልጃቸው አልበም ክርንም አልወጣላቸው።

«ዓይንን የሚያፈዝ ነው» አሉ አቶ ገሠሠ፣ በመካከለኛው ሥዕል ላይ አጎንብሰው። «ይህ ሁሉ ነጭ ምንድን ነው?»

ዘመነ ሊመልስ ሲል መሪጌታ ከመቀመጫቸው ተነሡ። መነጽራቸውን ሰክተው ጥቂት ፈለጉ፤ ከደመናው አንዲት ቦታ ላይ ሌባ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እዚህ ላይ ደባርቅ ነው» አሉ። «ከዚህ ሥር እኔ አለሁ። ካባ ለብሼ።»

የሳቀ አልነበረም። አቶ ገሠሠ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቦታውን በትክክል አዩላቸው፤ «አዎን፣ ይኸው» አሉ ደግሞ፣ ከደግነት ይሁን ከጠላው አይታወቅም።

እንግዶቹ ሲሄዱ እመት በለጠች ብርጭቆ እየሰበሰቡ፣ ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ አፋቸው ውስጥ የያዙትን ቃል አወጡት።

«ቦታውን መጥራት ነበረብዎ።»

መሪጌታ አልበሙን ዘግተው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲህ ግን አልበሙ ለእንግዳ ሲዘረጋ እያንዳንዱን ገጽ ለልጆቹ ይተዉና መካከለኛው ላይ ሲደረስ ይነሣሉ። ዓመት ሳይሞላው ላሚኔቱ በዚያች ቦታ ላይ በጣት ወዝ ደብዝዞ፣ ከነጩ ደመና መካከል የጥፍር ያህል ጥቁር ነገር ይታይ ጀመር። ምሥራቅ በጨርቅ ልትጠርገው ስትል እናቷ እጇን ያዟት።

«ተይው» አሏት። «አባትሽ ነው።»